የሙሽራው ፊት

ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ታውን ውስጥ፣ ከጅምላ መጋዘኖቹ ኋላ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ አንዲት ፎቶ ቤት አለችኝ። ፎቶ ቤት ልበላት እንጂ አሁን የምሠራው የመታወቂያ ፎቶ ማተም፣ ወረቀት በላስቲክ ማሸግና ፎቶ ኮፒ ነው። ሠርግ ቅረጪልኝ የሚለኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ራሱ ይቀርጻል፤ የተንጋደደ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ግማሹ ጣት የሆነ ነገር። እንዲያም ሆኖ ፊቱ ይታያል። ይህቺን «ፊቱ ይታያል» የምትለዋን ነገር ለመቀበል ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ የምጽፈውም ስለ እሷ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደዚህ የመጣሁት የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ሆኜ ነው። ያኔ ሆቴሉንም፣ ምግብ ቤቱንም፣ ሱቁንም የሚያንቀሳቅሰው በአብዛኛው የእኛ አገር ሰው ነበር፤ ወጣት ካለ ደግሞ ጋብቻ አለ። ይዤ የመጣሁት አንድ ካሜራ፣ ሁለት ማጫወቻ፣ አንድ ኋላው የተቆዘረ የድሮ ቴሌቪዥንና አንድ ሚክሰር ነው። ሚክሰር ማለት ከሁለት ካሴት የሚመጣውን ምስል የሚያቀላቅል፣ ላዩ ቁልፍ ብቻ የሆነ ሳጥን ነው። አንዱን ቁልፍ ስትጫኑት ምስሉ በትልልቅ ጠጠር ይበተናል፤ ሞዛይክ እንለዋለን። ሌላውን ስትጫኑት ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ይሆናል፤ ኔጋቲቭ ነው። ሦስተኛው እንቅስቃሴውን ይቆራርጠዋል፤ ሰውየው ስቆ ሲዞር ሳቁ እዚህ፣ ጭንቅላቱ እዚያ ይቀራል። ደንበኛ ይህን ሲያይ አፉን ይዞ ይቀር ነበር።

እኔን ያሳበደኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ሳለ ካሜራውን፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር እንደተያያዘ፣ ወደ ራሱ ወደ ቴሌቪዥኑ አዞርኩት። ቴሌቪዥኑ ራሱን አየ። በውስጡ ሌላ ቴሌቪዥን፣ በዚያም ውስጥ ሌላ፣ እንዲያ እያለ መጨረሻ የሌለው ጉድጓድ ሆነ። ካሜራውን ትንሽ ሳጋድለው ጉድጓዱ መዞር ጀመረ። ቀለሙን ከፍ ሳደርገው ከመሃሉ እሳት የሚመስል ነገር እየወጣ፣ እየተከፈተ፣ መልሶ ራሱን እየዋጠ ይሄዳል። እጄን በመካከል ሳስገባ ሺህ እጅ ሆነች። ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። በሌላ ቀን ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት ነቅዬ ወደ ቴሌቪዥኑ መስታወት አስጠጋሁትና የዜና አንባቢው ጉንጭ ወደ ጆሮው ፈሰሰ። ጥጉ ላይ የማይለቅ ሐምራዊ እድፍ የቀረው በዚያ ምክንያት ነው። ጄኔሬተር የምንጋራው ጎረቤቴ፣ ዘይትና ስኳር በጅምላ የሚሸጡት ሐጂ፣ ብቅ ብለው ያዩኝና «ደሞ ጀመራት» ብለው ይመለሳሉ።

አንድ ጊዜ ለፓስፖርት ፎቶ የገባች ፈረንጅ ይህን ስሠራ አገኘችኝ። ፎቶዋን ረስታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በእሷ አገር፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ፣ ካሜራን በቴሌቪዥን ላይ የሚያዞሩ፣ ማግኔት የሚያስጠጉ፣ ቴሌቪዥን በቴሌቪዥን ላይ ደርድረው በአዳራሽ የሚያሳዩ ሰዎች እንደነበሩ ነገረችኝ። ቪዲዮ አርት ይባላል አለች። እኔ ደግሞ ራሴ የፈጠርኩት መስሎኝ። መጀመሪያ በገንኩ። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ደስ አለኝ፤ ለካ የማደርገው ነገር ስም አለው፣ ለካ እብድ አይደለሁም። ችግሩ የተጀመረው ያን ቀን ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ራሴን እንደ ሠርግ ቀራጭ አላየሁም።

ታዲያ አርቱን የት ልሥራው? አዳራሽ የለኝ። ያለኝ የሰው ሠርግ ነው። እኛ የሠርግ ኤዲተሮች ደግሞ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበረን፤ ሙሽሪት ላይ እጅ አይገባም። ሙሽሪት ፀጉር ቤት ግማሽ ቀን ተቀምጣ፣ ተኳኩላ፣ ሂና ተቀብታ ነው የምትወጣው፤ ፊቷን ብትነኪባት ካሴቱን ይዛ መጥታ ትወረውርብሻለች። ሙሽራው ግን የማንም ነው። ሱፍ ለብሶ ላቡን ከመጥረግ ሌላ ሥራ የለውም፤ ስለ ፊቱም የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ያለን ኢፌክት ሁሉ በሙሽራው ላይ ያልቃል።

ሌላም ልማድ ነበረን። ባዶ ካሴት ጁባ ላይ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሰው ሲመጣ ጠብቀን ከአዲስ አበባ ወይም ከካምፓላ ነው የምናስመጣው። በመሆኑም ሥራው አልቆ ባለቤቱ ከወሰደ በኋላ፣ በካሜራ የተቀረጸው ጥሬ ካሴት ላይ የሚቀጥለውን ሠርግ እንቀዳበታለን። በአንድ ካሴት ላይ ሦስት ሙሽራ፣ አራት ሙሽራ ያልፍ ነበር። የእኔን ጨዋታ፣ ጉድጓዱንና እሳቱን ማለቴ ነው፣ የቀዳሁባቸውን ካሴቶች ግን አንድም ቀን ነክቼ አላውቅም። በብስኩት ቆርቆሮ ከትቼ ላዩ ላይ በማርከር «አይነካ» ብዬ ጻፍኩበት። የሰው ፊት እያጠፋሁ የራሴን ጭስ ያስቀመጥኩ ሰው ነኝ። ያኔ ግን ይህ እንደ ጥፋት ታይቶኝ አያውቅም፤ ሁላችንም እንዲሁ ነበርን።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ካቶር በሚባለው የጁባ ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት ያላት ሴት ከልጇ ጋር ወደ ሱቄ ገባች። ሠርጓን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ባሏ ከሠርጉ በኋላ ዓመት ሳይሞላው እንደሞተ ሰምቻለሁ፤ ልጅቷ የተወለደችው እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው። አሁን አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷታል፤ ከእናቷ ትረዝማለች።

«አስታወስሽኝ እህቴ?» አለችኝ እናትየዋ።

«እንዴት አላስታውስሽ! ከሠራኋቸው ሠርጎች ሁሉ የምኮራው በአንቺው ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ በዚያ ሠርግ ላይ ያልሞከርኩት ነገር አልነበረም። ሴትየዋ ፊቷን አዞረችና ከፌስታል ውስጥ ካሴቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቆማ ነገረችኝ። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

ያኔ እሷና ባሏ የካሴቱን አንድ ቅጂ አገር ቤት፣ ገጠር ላሉት ለሙሽራው እናት ላኩላቸው። በቤታቸው መብራት ስላልነበረ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ አሮጊቷን ወደ ከተማዋ ቪዲዮ ቤት ወሰዳቸው። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት የዕለቱን ፊልም አቋርጦ የልጃቸውን ሠርግ ከፈተላቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። «እኔ ስወጣ ሰው እልል አለ አሉ» አለች። «እሱ ሲወጣ ጠጠር ሆነ። ኬኩ ላይ ተቆራረጠ። ሲጨፍር እሳት ዋጠው። ንግግር ሲያደርግ ፊቱ ሰማያዊ፣ ጥርሱ ጥቁር፣ ዓይኑ ነጭ ሆነ። ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እናቱ ‹ልጄ የቱ ነው?› ይሉ ነበር። ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ ‹የቱ ነው?› እያሉ ጠየቁ።»

ካሴቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ቀጠለች።

«ከዚያ በሰው ላኩብን። ‹ልጄ ፊቱን ደበቀኝ፤ ምን ሠርቶ ነው ፊቱን ከእናቱ የሚደብቀው?› ብለው። እሱ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አዘነ። ‹ለፋሲካ ሄጄ ፊቴን አሳያታለሁ› አለ። ፋሲካ ሳይደርስ ወባው ራሱ ላይ ወጣ። እማማ እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ። እስከ ዛሬም ልጅሽ ምን ሆኖ ሞተ ሲሏቸው መጀመሪያ የሚሉት ‹ፊቱን ደብቆኝ ነው የሄደ› ነው።»

ልጅቷ ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ ልትበር ነው፤ ትምህርቷን ልትቀጥል። ከመመዝገቧ በፊት አያቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታያቸው ገጠር ትሄዳለች። የአባቷ ፎቶዎች፣ ጁባ በተኩስ በታመሰች ጊዜ፣ ቤታቸው ሲዘረፍ አብረው ጠፍተዋል። ከዚህ ካሴት ሌላ የቀረው አንድ የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ እሱም ላይ ማኅተሙ አፍና አገጩን ሸፍኖታል። ልጅቷ አባቷን የምታውቀው ከአፍንጫው በላይ ነው።

«ባዶ እጄን አልሄድም እትዬ» አለችኝ። «የትም ቦታ ላይ ቢሆን፣ ትንሽም ብትሆን፣ ፊቱ የሚታይበትን ይፈልጉልኝ። ጥሬው ይኖራል አይደል? ጥሬ ቪዲዮ ይቀመጣል አይደል?»

«የለም።»

«ለምን?»

«ሌላ ሠርግ ቀዳሁበት።»

መደርደሪያዬን ቃኘች። ዓይኗ ቆርቆሮው ላይ አረፈ። «አይነካ የሚለውስ?»

«እሱ የእኔ ነው።»

«ምን አለበት?»

«ምንም» አልኳት። ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ካሴቱን ተዉልኝና ነገ ቀትር ላይ ኑ አልኳቸው። ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር። ከሐሙስ በፊት የቀሩን ሁለት ቀኖች ናቸው።

እነሱ እንደወጡ በሩን ገርበብ አድርጌ ካሴቱን ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩት። ያንን ሥራዬን ከዓመታት በኋላ ሳየው፣ እግዜር ይይልኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። እንዴት ያምር ነበር። እሳቱ ከሙሽራው ደረት ተነስቶ ድንኳኑን ሲሞላው፣ ሰው ሁሉ በእሳት ውስጥ ሲያጨበጭብ፣ ማን ነው እንዲህ የሠራ ያስብላል። ከዚያ እንደ እናቱ ሆኜ ለማየት ሞከርኩ። ወደ መጀመሪያው መለስኩትና አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፤ ልጄ የቱ ነው? አጣሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ የገዛ ሥራዬ ውስጥ አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ያን ጊዜ ነው ያፈርኩት።

መግቢያው ሞዛይክ ነው። ሞዛይክ ደግሞ ፊቱን አይሸፍነውም፤ ይጥለዋል። ከአንድ ዓይን የሚቀረው አንድ ቡናማ ጠጠር ነው፤ ከጠጠሩ ዓይን አይወጣም። ኬኩ ላይ ፊቱ ሁልጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ጭፈራው በእሳት ተበልቷል። ንግግሩ ላይ ደርሼ የቴሌቪዥኑን ቀለም ከፍ ዝቅ፣ ብርሃኑን ቀነስ ጨመር አደረግሁ፤ ሰማያዊው ሰውዬ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ተስፋ ቆርጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ስከፍት አንድ ሰው የመታወቂያ ፎቶ ሊያስነሳ ቆሞ ነበር። አነሳሁት፣ አተምኩለት፣ ስቆርጥለት እጄ ቆመ። ነጩን ጥቁር ያደረገው ቁልፍ ጥቁሩንም ነጭ ያደርጋል እኮ። ኔጋቲቭ ምንም ነገር አይጥልም፤ ይገለብጣል እንጂ። ደግመሽ ብትገለብጪው ይመለሳል። ይህን ማንም የፎቶ ሠራተኛ ያውቀዋል፤ የፎቶ ፊልም ማለት እሱው ነው። ስንት ዓመት ሚክሰር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ለማጥፋት እንጂ ለመመለስ ተጭኜው ስለማላውቅ፣ አልታየኝም። ደደብ አልኩ ራሴን፣ ደንበኛው እየሰማ። ሰውየው «ማሌሽ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እሱን የሰደብኩት መስሎት።

ሚክሰሩን ከባንኮኒው ሥር አወጣሁት፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ ገመዶቹን አያያዝኩ። ሐጂ ሲያዩኝ «ደሞ ጀመራት» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ፊቴን አይተው ተዉትና ከሰዓቱ ቀድመው ጄኔሬተሩን አስነሱልኝ። የሚክሰሩ መብራቶች ቦግ አሉ። ቁልፉን ግን አልተጫንኩትም። ብቻዬን ላየው አልደፈርኩም። ደግሞስ ከእነሱ ቀድሜ የማየው ማን ስለሆንኩ ነው?

ቀትር ላይ መጡ። በሩን ዘጋሁ፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። ካሴቱን ንግግሩ ላይ አቆምኩትና «እንግዲህ ይሳካ አይሳካ አላውቅም» ብዬ ለቀቅሁት። ሰማያዊው ፊት መጣ። ተጫንኩት።

ፊቱ የሰው ሆነ። ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል፣ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ሰው ነው። ጠይም፣ ግንባሩን ላብ ያወዛው፣ የሸሚዝ ኮሌታው አንገቱን ያስጨነቀው፣ ጥርሱ ነጭ። ድንኳን ውስጥ ቆሞ በቀጥታ ወደ ካሜራው እያየ አንድ ነገር ይናገራል። አሥራ አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ ጠጠሩ መጥቶ ወሰደው።

መለስኩትና ደገምኩት። እናትየዋ ያን ጊዜ ነው የተቀመጠችው። «ልጅ ነበር እኮ» አለች። «ይህን ያህል ልጅ ነበር እንዴ?» በሐሳቧ ውስጥ ባሏ አብሯት አርጅቶ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ግን ከታናሽ ወንድሟ ያነሰ ጎረምሳ ነው። ልጅቷ ወደ መስታወቱ ተጠግታ በጣቷ አፉን ነካች፣ ከዚያ አገጩን፤ ማኅተሙ የከለከላትን ሁሉ። ከዚያ የራሷን አገጭ ነካች። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ።

«ድምፁስ?» አለች ልጅቷ።

ድምፁ ዘፈን ነው። የዚያን ጊዜ ጁባ ሠርግ ላይ ጄኔሬተር ስለሚያጓራ ንግግሩን ሁሉ በዘፈን እንሸፍነው ነበር። ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

«እርስዎን ነው የሚያየው እትዬ። ካሜራውን የያዙት እርስዎ አይደሉ? ምን እያለዎት ነው?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላስታወስኩትም ነበር፤ ይህን በእውነት እላለሁ። ከንፈሩን ለሦስተኛ ጊዜ ሳየው ግን መጣልኝ፣ ቃል በቃል። ወዳጁ ያገባ ጊዜ የሠራሁትን ቪዲዮ አይቶ ኖሮ፣ ንግግሩን ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ ለመነኝ። እኔም ካሜራውን ሳላወርድ «እሺ፣ እሺ» አልኩት። ኤዲት ልሠራ ስቀመጥም ሰምቼዋለሁ፤ ድምፁ ገና አልጠፋም ነበር። ያም ሆኖ ቁልፉን ልክ እዚያ ላይ ተጫንኩት፤ ቦታው ሥራ የፈታ መስሎኝ፣ ኢፌክት የሚያስፈልገው መስሎኝ። ዘፈኑን ከላይ ጫንኩበትና ቀጠልኩ።

«አላስታውስም» አልኳት ልጅቷን።

እናትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። አሥራ አንዱን ሰከንድ በፍላሽ ገለበጥኩላቸው፣ ልጅቷም በስልኳ ከቴሌቪዥኑ ላይ ቀረጸች። ሲወጡ እናትየዋ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ።

ሐሙስ ሄደች። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። ሱቅ ውስጥ ነኝ፣ ፎቶ ኮፒው እየሠራ። ልጅቷ ናት።

«እትዬ፣ አያቴ አዩት። አወቁት። ከጠዋት ጀምሮ እያስደገሙኝ ነው። ግን አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳልና ምን እያለ ነው ይላሉ። እማዬን ብጠይቃት አላውቅም አለች። ከእርስዎ ጋር አገናኚኝ ብለውኝ ነው። አጠገቤ ናቸው፤ ልስጣቸው?»

ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ቤቱ ጎረቤት የሞላበት ነው። ስጫቸው አልኳት። ማሽኑን አጠፋሁ።

«ልጄ» አሉ አሮጊቷ። ድምፃቸው ቀጭን ነው። «ያን ጊዜ ያነሳሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ።»

«ምን አለሽ?»

እንግዶቹን እያመሰገነ ነው ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም። ቃሉ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

«‹ፊቴ ላይ ምንም አታድርጊብኝ እህቴ፤ እናቴ ናት የምታየው› አለኝ እማማ። እሺ አልኩት። ከዚያ አደረግሁበት። እሱ አልደበቀዎትም፣ የደበቅሁዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ድምፃቸው ከስልኩ ራቅ ብሎ ተሰማኝ፤ የሚያናግሩት እኔን አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ያሉትን፣ ምናልባትም በዚያ ቪዲዮ ቤት ውስጥ አብረዋቸው የነበሩትን ነው።

«ሰማችሁ?» አሉ። «እኔ እንዳየው ለምኖ ነበር።»

ይቅር ይበሉኝ ላልኳቸው ግን አልመለሱልኝም።